«ማልጄ ተነሳሁ፣ ፎቶዎቼ ግን ግራጫ ሆኑብኝ»

ስቶክሆልም የሚኖር አንባቢ የላከው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦

«ባለፈው ሐምሌ ለሦስት ሳምንት አገር ቤት ነበርኩ። ፎቶ ማንሳት በጣም እወዳለሁ። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ‹በሌሊት ተነስ፣ ብርሃኑ ያኔ ነው› ስላለኝ አራት ቀን ተነሳሁ። ሁለቱን ቀን እንጦጦ ወጥቼ ግራጫ ፎቶ ይዤ ተመለስኩ። አንዱን ቀን ሹፌሩን ‹አምስት ሰዓት ና› ብዬው ረፋድ ላይ ደወለልኝ። በአራተኛው ቀን ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ጥሩ ብርሃን አገኘሁ። ግን ቦታ መርጬ ትራይፖዴን ሳስተካክል አለፈኝ። እዚህ ስዊድን ያ ወርቃማ ብርሃን ብዙ ይቆያል። ችግሩ ካሜራዬ ይሆን? የተሻለ ሌንስ ልግዛ? ዘንድሮ ገናን ላሊበላ፣ ጥምቀትን ጎንደር፣ በመሃሉ ስሜን ተራሮችን አስቤያለሁ። ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቼና እናቴ አብረውኝ ይሆናሉ። እናቴ ለኪዳን ሁልጊዜ ስለምትነሳ አይከብዳትም። ሌሎቹን ግን በየሌሊቱ መቀስቀስ ያዋጣል ይላሉ?»

ሌንስ አትግዛ። ካሜራህ ምንም አልሆነም። ያስቸገሩህ ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ወሩ፣ ሰዓት አቆጣጠሩና ጀምበር እኛ አገር የምትወጣበት መንገድ። ሁለቱን ቶሎ ልለፋቸው። ሦስተኛው ላይ ግን ቆም ማለት አለብን።

ሐምሌ ክረምት ነው። ከውጭ የሚመጣ ሰው የልጆቹን ትምህርት ቤት ዕረፍት ስለሚጠብቅ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ያኔ ነው። ለዘመድ ጥየቃ ጥሩ ነው። ለንጋት ፎቶ ግን ከዓመቱ አስቸጋሪ ወራት አንዱ ነው። ማልዶ መነሳት በራሱ ብርሃን አያመጣም። ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር በደመና ከተሸፈነ 12 ሰዓትም ቆምክ 3 ሰዓት የምታገኘው ያንኑ ነጣ ያለ ግራጫ ነው። ጀምበር ወጥታለች፤ አንተ ጋ ግን አልደረሰችም። እንደዚያ ባለ ጠዋት ከእንጦጦ ላይ ከተማዋን ማሳደድ ትርፉ ብርድ ነው። ይልቅ ወደ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገብተህ ጉሙን፣ እርጥቡን ግንድ፣ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ብታይ ይሻልህ ነበር። ደመና ለሰው ፊት ደግ ብርሃን ነው። ጥላ አይጥልም፣ ዓይን አያስጨፍንም። በጥር ግን በጋ ነው፣ ሰማዩ አብዛኛውን ጊዜ ጥርት ያለ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ችግርህ በራሱ ጊዜ ተፈቷል።

የሰዓቱም ነገር ቀላል ነው፤ ግን ብዙ ሰው ይወድቅበታል። ስልክህ ላይ ያለው አፕ ጀምበር 6:45 ትወጣለች ካለህ በእኛ 12 ሰዓት ከ45 ነው። አንተ በልብህ የፈረንጁን 5 ሰዓት ይዘህ «አምስት ሰዓት ና» ስትለው፣ ሹፌሩ የሰማው ረፋዱን ነው። ልክ ነው የሰማው። ከእንግዲህ ስትቀጥር ሰዓቱን ብቻ አትንገር። «ሌሊት አስራ አንድ ተኩል፣ ገና ሳይነጋ» በለው። ማታ ከመተኛትህ በፊት ደግመህ ደውልለት።

አሁን ወደ ዋናው። ባቦጋያ ዳር ብርሃኑ ያለፈህ ቀርፋፋ ስለሆንክ አይደለም። ስቶክሆልም የተማርከውን ይዘህ ስለመጣህ ነው።

ያ ወርቃማ ብርሃን የሚመጣው ጀምበር ዝቅ ስትል ነው። ከአድማስ ጥግ ስትሆን ብርሃኗ እኛ ጋ ለመድረስ ረጅም የአየር መንገድ ሰንጥቆ ማለፍ አለበት። በመንገዱ ላይ ሰማያዊው ተበታትኖ ይቀራል። ቢጫውና ቀዩ ይደርሰናል። ከፍ እያለች ስትሄድ መንገዱ ያጥርና ብርሃኑ ይነጣል። ፎቶ አንሺዎች በልምድ ከአድማስ 6 ዲግሪ ገደማ እስክትደርስ ያለውን ጊዜ ነው ወርቃማ የሚሉት። እንግዲህ ጥያቄው 6 ዲግሪ ለመውጣት ስንት ደቂቃ ይፈጅባታል ነው።

ስቶክሆልም በሰሜን ኬክሮስ 59 ዲግሪ ላይ ነው ያለው። እዚያ ጀምበር በሰያፍ ነው የምትሄደው፤ አድማሱን ተደግፋ እንደምትራመድ ዓይነት። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ እንኳ ከአድማስ ከፍ የምትለው 7 ዲግሪ ገደማ ነው። ደመና ከሌለ ቀኑን ሙሉ ያ ብርሃን አብሮህ ይውላል ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ደግሞ 9 ዲግሪ ላይ ናት። እዚህ ጀምበር ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው። በጥር በሰዓት ከ13 እስከ 14 ዲግሪ ትነጉዳለች። 6 ዲግሪ ለመድረስ 25 ደቂቃ ገደማ ይበቃታል። 4 ሰዓት ላይ ወደ 40 ዲግሪ ትደርሳለች። ያኔ የሰው ዓይን ሥር ጥላ ይጠቁራል፣ ግድግዳውም ይነጣል። ትራይፖድ እየዘረጋህ ያለፈህ ያ 25 ደቂቃ ነው።

ንጋቱም እንዲሁ ፈጣን ነው። ወገግ ካለ በኋላ ጀምበር ብቅ እስክትል 23 ደቂቃ አካባቢ ቢሆን ነው። ስለዚህ «ጀምበር ስትወጣ ልድረስ» ማለት እኛ አገር ዘግይቶ መድረስ ነው። ከፀሐይ መውጫው 40 ደቂቃ ቀድመህ ቦታህ ላይ ቁም። ካሜራህ መቆሚያው ላይ ይሁን፣ ፍሬሙም ተመርጦ ይለቅ። ቦታውን ደግሞ ጨለማ ውስጥ አትምረጥ። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ በእግርህ ሂድና እየው። ምሥራቅ በየት በኩል እንደሆነ እወቅ። በጥር ጀምበር የምትወጣው ከትክክለኛው ምሥራቅ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ነው፣ ከ20 ዲግሪ በላይ። በሐምሌ ያየህበት ቦታ ላይ አትጠብቃት።

ሰው ሁሉ ጀምበሯን ይጠብቃል። ለእኔ ግን ከጠዋቱ ውስጥ የሚበልጠው ከሷ በፊት ያለው ሩብ ሰዓት ነው። ሰማዩ ሰማያዊ ይሆናል፣ ምድሩ ላይ ጥላ የለም፣ የቤቶች መብራት ገና አልጠፋም። ሁለቱ ብርሃኖች ለጥቂት ደቂቃ እኩል ይሆናሉ። እጅህ ላይ ይዘህ ልታነሳው አትችልም፤ ትራይፖድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ዋይት ባላንሱን (የካሜራውን የቀለም ማስተካከያ) ደግሞ ከ«ኦቶ» አውጣና «ዴይላይት» ላይ አድርገው። ኦቶው ሰማያዊውንም ወርቃማውንም እንደ ስህተት ቆጥሮ ያርመዋል። አንዳንዱ ግራጫህ ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። በስልክህ የምታነሳ ከሆነ ደማቁን ሰማይ ነካ አድርግና ብርሃኑን በጣትህ ትንሽ ቀንሰው። ስልክ ንጋትን ቀን ሊያስመስለው ይሞክራልና።

ወደ ጉዞህ ልምጣ። ላሊበላ ላይ ሁሉም የሚስተው አንድ ነገር አለ። በገና ሰሞን አፑ ጀምበር 12 ሰዓት ከ45 ገደማ ትወጣለች ይልሃል። አፑ የሚያሰላው ሜዳ እንደሆነ አድርጎ ነው። ላሊበላ ግን አሸተን ተራራ ሥር ናት፣ ተራራው ደግሞ በምሥራቅ በኩል ነው። ስለዚህ ቀጥተኛው ብርሃን ዘግይቶ ይደርሳል፣ ሲደርስም ትንሽ ነጣ ብሎ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ ደግሞ ወደ 12 ሜትር ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ውስጥ ነው የቆመው። የጠዋት ጀምበር እታች ድረስ አትገባም። ጣሪያው ብርሃን ሲያገኝ ግድግዳው ጨለማ ነው። በአንድ ፎቶ ሁለቱንም ልያዝ ካልክ አንዱ ይቃጠላል ወይ ሌላው ይጠቁራል።

እኔ እዚያ የማደርገውን ልንገርህ። 12 ሰዓት ላይ ከላይ፣ ከአለቱ ጠርዝ ፈንጠር ብዬ እቀመጣለሁ። አለቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲቀዘቅዝ ስላደረ ጋቢ ሳያነጥፉ አይቀመጡበትም። ከታች የዕጣን ሽታ ይመጣል። መጀመሪያ የሚለየው የሰዎቹ ነጠላ ነው። አለቱ ገና ጥቁር ነው፣ ነጭ ነጭ ነገር በመተላለፊያው ውስጥ ሲንቀሳቀስ ታያለህ። ከዚያ ጣሪያው ላይ የተቀረጹት፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ያሉት መስቀሎች ቀስ ብለው ይወጣሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ጀምበር ሳትመጣ ነው። ሙሉውን ቤተ ክርስቲያን ከጣሪያ እስከ መሠረት የምታነሳው በዚያ ጥላ አልባ ብርሃን ነው። ጀምበሯ ደርሳ ጣሪያውን በጎን ስትነካው ደግሞ ወደ መስቀሉ ብቻ ጠጋ በል፤ ጠርዙ ሁሉ ጥላ ይጥላልና ቅርጹ ጎልቶ ይታያል። ለዚህ ለሁለተኛው ፎቶ ግን መማለድ ግዴታ አይደለም። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ተኩል አካባቢም ከምዕራብ የሚመጣው ብርሃን ያንኑ ይሰጥሃል። እንቅልፍ ከበለጠብህ በማታው ሂድ።

የገና ሌሊት ሌላ ነገር ነው። ያን ቀን ማልዶ መነሳት የሚባል የለም፤ አለመተኛት ነው። ሥርዓቱ ሌሊቱን ሙሉ ነው። ጠዋት ቤተ ማርያም ላይ ካህናቱ ከላይ፣ ማሜ ጋራ ከሚባለው ከፍታ፣ እና ከታች ሆነው «ቤዛ ኩሉ» የሚለውን ዝማሬ ሲሉ ቦታ የሚኖረው ቀድሞ የቆመ ብቻ ነው። ጠርዙ ላይ መከለያ የለም። ሰው ሲገፋፋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መሄድ ማለት መውደቅ ሊሆን ይችላል። ዓይንህን ካሜራው ላይ አድርገህ ወደ ኋላ አትራመድ፣ በጭራሽ። ልጆቹን ወደ ጠርዙ አታምጣቸው። ፍላሽህን አጥፋ። በጧፍ ብርሃን አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) 3200 ብታደርሰው የሚመጣው ሻካራነት አያሳፍርም። ቆርቦ የሚመለስ ሰው ላይ፣ ተንበርክኮ የሚያለቅስ ሰው ላይ ሌንስ አትደግን። ካነሳህም ጠይቀህ አንሳ።

ስሜን ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ያለምክንያት ይቸኩላል። ጭላዳዎቹ ሌሊቱን የሚያድሩት ገደሉ ግድግዳ ላይ፣ ነብርና ጅብ በማይደርስበት ጠባብ ቦታ ነው። ሜዳው ላይ የሚወጡት ጀምበር ከወጣች በኋላ ነው። ከወጡም በኋላ ወዲያው ግጦሽ አይጀምሩም። ቁጭ ብለው ይሞቃሉ፣ እርስ በርስ ይቀማመላሉ። ስለዚህ ለጭላዳ ብለህ ልጆችህን 11 ሰዓት ላይ አትቀስቅስ። 2 ሰዓት ላይ ቁርሳቸውን በልተው ይምጡ። ወንዱ ጀርባውን ለጀምበር ሰጥቶ ሲቀመጥ ጎፈሩ ዳር ዳሩን ይበራል። አንተ ከጀምበሯ ፊት ለፊት ሆነህ ነው ይህን የምታየው። ልጆቹም ከዚህ ጉዞ የሚያስታውሱት ይህንን ይመስለኛል።

አንተ ግን ብቻህን ቀድመህ ተነስ፤ ለገደሉ። ጠዋት ላይ አየሩ ገና አልተንቀሳቀሰም። ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ወደ ሸለቆው ስለሚወርድ አቧራውና ጉሙ ታች ተኝቶ ያድራል። ተራሮቹ አንዱ ከሌላው ጀርባ ተደርድረው ይታያሉ። ምድሩ መሞቅ ሲጀምር ያ ሁሉ ይነሳና ከገደሉ ሥር ደመና እየሆነ ይወጣል። እኩለ ቀን ላይ የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው ነጭ ግድግዳ ነው። ተራራው ላይ ካሉት ማደሪያዎች ሳንካበር ወይም ጨነቅ ማደር ከቻልክ እዚያው እደር። ጨነቅ ከ3,600 ሜትር በላይ ነው፣ በጥር ሌሊት ውሃ በረዶ ይሆናል። ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ባትሪ በብርድ ቶሎ ይደክማል፣ ስለዚህ ከሰውነትህ ጋር፣ ከውስጥ ኪስህ አድርገህ ተኛ። ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል ስትገባ ካሜራውን ወዲያው አታውጣው። ቦርሳው ውስጥ እንደተዘጋ ቀስ ብሎ ይሙቅ፤ አለዚያ ሌንሱ ላብ ይይዛል። እናትህን ወደዚያ ከፍታ ከመውሰድህ በፊት ሐኪማቸውን አማክር።

ጎንደር። በጥር 11 ጀምበር የምትወጣው ወደ 12 ሰዓት ከ55 ነው። ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ግን በዚያ ሰዓት ሞልቷል። ውሃው ተባርኮ ወጣቱ ሲዘል የሚነሳው ፍንጣቂ የጠዋት ብርሃን ከኋላው ሲያገኘው ነው የሚያምረው። ሹተርህን 1/1000 ሰከንድ አድርግ፣ ካሜራህን በፌስታል ሸፍን። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት እዚያው ቦታ የእንጨት መድረክ ተደርምሶ ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ የተጨናነቀ መድረክ ላይ አትውጣ፣ ቤተሰብህንም አታውጣ። ለልጆቹና ለባለቤትህ የተሻለው የከተራው ዕለት ነው። ጥር 10 ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ሲወርዱ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ልጅ ትከሻ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ያያል፣ ብርሃኑም ወደ ማታው እየለዘበ ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንሃለሁ። ለፎቶ ብለህ በጨለማ ረጅም መንገድ አትንዳ። ከጎንደር እስከ ስሜን መግቢያ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ «ሌሊት ተነስተን ለጀምበር እንደርሳለን» የሚል ሹፌር አይጠፋም። እንቢ በለው። በዚያ ሰዓት መንገዱ ላይ ከብት አለ፣ ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው አለ፣ መብራት የሌለው መኪና አለ። ሹፌሩም እንቅልፍ አልጠገበም። ፎቶ የምታነሳበት ቦታ አጠገብ እደር። ሌሊት መሄድ ያለብህ በእግርህ፣ ከአካባቢው ሰው ጋር፣ ባትሪ ይዘህ ብቻ ነው። የሰሜኑ መንገድ ሁኔታም ከወር ወር ይለያያል። ትኬት ከመቁረጥህ በፊት፣ ከዚያም በየዋዜማው፣ እዚያው የሚኖር ሰው ደውለህ ጠይቅ። «ዛሬ አትምጡ» ካለህ አትሂድ።

አሁን ወደ መጨረሻው ጥያቄህ። ቤተሰቡን በየሌሊቱ መቀስቀስ አያዋጣም። ሦስት ቀን ያለ እንቅልፍ ያደረ ልጅ ይዞ ላሊበላን መዞር ለማንም አይሆንም። የእኔ ምክር ይህ ነው፦ በጠቅላላው ጉዞ ሦስት ማለዳ ብቻ ምረጥ፣ አንድ ላሊበላ፣ አንድ ስሜን፣ አንድ ጎንደር። በመካከላቸው ሙሉ ሌሊት ተኛ። በሦስቱም ቀን ከንጋት 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ሥራ፣ ከዚያ ቁርስ፣ ከ5 እስከ 9 ሰዓት ካሜራህን አታውጣ። ያኔ ተኛ። በመጣህበት የመጀመሪያ ቀን አትሞክረው። በክረምታችሁ ስቶክሆልም ከእኛ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ፣ በእኛ 11 ሰዓት ላይ ስትነሳ ሰውነትህ ሌሊት 9 ሰዓት ነው የሚለው። ዘመድ ቤት ማታ ቡና ሲፈላ ደግሞ አቦል ጠጥተህ አመስግን። በረካ ድረስ ከቆየህ ዓይንህ ሳይከደን ያድራል።

ለሌንስ ካሰብከው ገንዘብ ላይ ቀንሰህ ቀለል ያለ ግን የማይነቃነቅ ትራይፖድና ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ግዛ። የተረፈውን ለስሜን አዳር አድርገው።

ከጉዞው መልስ አዲስ አበባ አንድ ቀን የሚተርፍህ ከሆነ ግን አራተኛ ማለዳ ልፍቀድልህ። ያኔ ማንንም አትቀሰቅስም። እናትህ ለኪዳን ሲወጡ አብረሃቸው ውጣ። ምእመናን የሚጸልዩት ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ነው። ግቢው ውስጥ፣ ከውጭ የሚቆሙት ሰዎች ፊት ላይ የመጀመሪያው ብርሃን በቀጥታ ያርፋል። ፊት ለፊታቸው ገብተህ አትቁም፤ በእነሱና በቤተ መቅደሱ መካከል መግባት ነውና። በስተ ጎን፣ ራቅ ብለህ፣ ዛፍ ወይም አጥር ተጠግተህ ቁም። እናትህን ደግሞ በዋዜማው አስፈቅዳቸው። ነጠላቸውን እንዴት አድርገው መታየት እንደሚፈልጉ እሳቸው ይንገሩህ።